የግል ሽጉጥ ፈቃድ፦ ከማመልከቻው እስከ ማስረከቢያው

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ የሐማስ ጥቃት ወዲህ በአሽኬሎን ከተማ፣ በሠፈራችን በግቫት ጺዮን ስለ ሽጉጥ የሚነሡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ «ፈቃድ ለማውጣት ከየት ልጀምር?» ይላል። ሌላው ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል፤ ቤት ሲቀይር ግን ለሚመለከተው ክፍል አላሳወቀም። አንዲት እናት ደግሞ ባለቤቷ ካረፉ በኋላ ሽጉጣቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ለማን እንደምትሰጥ ጨንቋታል። አሽኬሎን ከጋዛ ድንበር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፍርሃቱ የሚያስገርም አይደለም። በአገሪቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ200,000 በላይ ሰዎች የግል መሣሪያ ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ከመካከላቸው የእኛ ሰፈር ልጆች ብዙ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ራሱን ለመከላከል አንድ ሽጉጥ በግል መያዝ ለሚፈልግ ወይም ለያዘ ሰው የተዘጋጀ ነው። በእስራኤል ሽጉጥ መያዝ መብት አይደለም። መንግሥት ለአንድ ሰው፣ በአንድ ምክንያት፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። መሠረቱ በ1949 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ሲሆን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው በብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ያለው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ሽጉጡ እጁ ሲገባ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደውም ሆነ ቤተሰብ የሚያዝነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ስለዚህ ከግዢው በፊት ያለውን በአጭሩ፣ ከግዢው በኋላ ያለውን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

1. መስፈርቱን ማሟላትዎን አስቀድመው ያረጋግጡ

መስፈርቱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሁሉንም አመልካች የሚመለከት ነው፦ ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት፣ ከማመልከቻው በፊት በእስራኤል ውስጥ ሦስት ተከታታይ ዓመት መኖር፣ መሠረታዊ ዕብራይስጥ ማወቅ፣ የዕድሜ ገደብ፣ ጤና እና በፖሊስ ዘንድ የሚያስከለክል ነገር አለመኖሩ። ዕድሜው እንደ አገልግሎትዎ ይለያያል። በውትድርናም በብሔራዊ አገልግሎትም ላላለፈ ዜጋ 27 ዓመት ነው፤ ላገለገለ ሰው ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ክፍል ምክንያት ነው። «እፈራለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሕጉ የሚቀበላቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። በዝርዝሩ ውስጥ በገባ ከተማ ወይም መንደር መኖር ወይም መሥራት፣ የተዋጊ ወታደርነት፣ የመኮንንነት ማዕረግ፣ በፖሊስ ወይም በነፍስ አድን ድርጅቶች በጎ ፈቃደኝነት፣ የአስጎብኚነትና የእንስሳት ሐኪምነት ሥራ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከኦክቶበር 2023 በኋላ መስፈርቱ ላልቷል፤ በሠራዊቱ «ሮቫይ 07» የሚባለውን የጠመንጃ ሥልጠና ደረጃና ከዚያ በላይ ለያዙ ሰዎችም በሩ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ጎረቤት ስላገኘ እኔም አገኛለሁ ማለት ነው። ጎረቤትዎ ያገኘው በሠፈሩ ሳይሆን በውትድርናው ሊሆን ይችላል። የከተሞቹ ዝርዝርም ይለዋወጣል። በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ የሚኖሩበትንና የሚሠሩበትን ቦታ ስም ጽፈው በሚያመለክቱበት ቀን ይመልከቱት። ሌላው ስሕተት መታወቂያ ላይ ያለው አድራሻ የልጅ ወይም የዘመድ ቤት ሆኖ ሳለ በእርሱ ማመልከት ነው። አድራሻው ካልተስተካከለ መጀመሪያ በሚስራድ ሃፕኒም (በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ያስተካክሉ። በማይኖሩበት አድራሻ የተገኘ ፈቃድ በሐሰት የተገኘ ፈቃድ ነው።

2. ወረቀቶችዎን አንድ ላይ ያድርጉ

የሚያስፈልጉት ቴኡዳት ዜሁት (መታወቂያ) ከነአባሪው፣ የውትድርና ወይም የብሔራዊ አገልግሎት ማስረጃ፣ ምክንያትዎን የሚያሳይ ሰነድ (ለምሳሌ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ) እና በሐኪም የተፈረመ የጤና መግለጫ ናቸው።

ለእኛ ማኅበረሰብ የሚከብደው አንድ ነገር ስም ነው። ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ የመጣንበት ስም፣ እዚህ ስንደርስ የተሰጠን የዕብራይስጥ ስም እና በሠራዊቱ መዝገብ የሰፈረው አጻጻፍ አይገጥሙም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ሰነድ ዓመቱ ብቻ ተጽፎ በሌላው ቀኑና ወሩም ይኖራል። ክፍሉ መዝገቦችን ሲያመሳክር ይህ ልዩነት ፋይሉን ያስቆመዋል። ከማመልከትዎ በፊት ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ልዩነት ካገኙ መጀመሪያ መታወቂያውን፣ ቀጥሎ የሠራዊቱን መዝገብ ያስተካክሉ።

የጤና መግለጫውን የሚፈርመው የሚያውቅዎት ሐኪም ነው፤ በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅትዎ) የቤተሰብ ሐኪምዎ ዘንድ ቀጠሮ ይያዙ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ስለ ሚጥል በሽታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ድካም፣ የመንፈስ ጭንቀት ወይም ከጦርነቱ ወዲህ ስለመጣ እንቅልፍ ማጣት ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። ሕመም ሁሉ አያስከለክልም፤ የተደበቀ ሕመም ግን ፈቃዱንም እርስዎንም ያስጠይቃል። የጤና ሚኒስቴር በራሱ በኩል ያጣራል። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የማኅበራዊ ሠራተኛም የሚያክሙት ሰው መሣሪያ ቢይዝ ለራሱ ወይም ለሌላው አደጋ ይሆናል ብለው ካመኑ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የነፍስ ሕመምን መሸሸግ በመካከላችን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ሰው ያስገድላል።

ልጅዎ ቅጹን በኮምፒውተር ቢሞላልዎት ችግር የለውም። የሚፈርሙትን ግን በደንብ ይረዱት፤ በቃለ መጠይቁ የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት። «ጉዳዩን አፋጥናለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ምንም አይክፈሉ። የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚኒስቴሩ መንገድ ይከፈላል።

3. ማመልከቻውና ቃለ መጠይቁ

ማመልከቻው በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ፖሊስና የጤና ሚኒስቴር አስተያየታቸውን ይሰጣሉ፤ የፈቃድ ሠራተኛውም ያነጋግርዎታል። የሚጠይቅዎት ለምን እንደሚፈልጉ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ልጆች እንዳሉ፣ ሽጉጡን የት እንደሚያስቀምጡ ነው። መልሱን ቀድመው ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩበት። ባለቤትዎ ሽጉጥ ወደ ቤት እንዲገባ የማትፈልግ ወይም የማይፈልግ ከሆነ ያንን ሐሳብ በቁም ነገር ይውሰዱት፤ ባለቤትዎም በዚያው ቤት ይተኛሉና።

ብዙ ወጣቶቻችን በጉርምስና ዘመናቸው የተከፈተባቸው የፖሊስ ፋይል አለ። «ተዘግቷል» የተባለ ፋይልም በማጣራቱ ሊታይ ስለሚችል አስቀድመው በፖሊስ ጣቢያ ስለ ራስዎ የተመዘገበውን ይጠይቁ። ያለ አግባብ የተከፈተ ነው ብለው ካመኑ በ2000 የተቋቋመውና ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ቴቤካ ምክር የሚጠይቁበት ቦታ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ በመልሱ ደብዳቤ ላይ የተቃውሞውን መንገድና ቀነ ገደቡን ያንብቡ።

በጦርነቱ ወራት ፈቃድ ያገኙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። ፈቃዶች ሥልጣን በሌላቸው ሠራተኞች ተሰጥተዋል የሚለው ጉዳይ በክኔሴት ተነሥቶ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ በዲሴምበር 2023 ሥራቸውን ለቀዋል። ስለ ፈቃድዎ ተጨማሪ ማጣሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢደርስዎት አይጣሉት፤ በቀነ ገደቡ ውስጥ መልስ ይስጡ።

4. ቅድመ ፈቃድ፣ ግዢና ሥልጠና

ማመልከቻው ሲፈቀድ መጀመሪያ የሚደርስዎት ቅድመ ፈቃድ ነው። ይህ ወረቀት ሽጉጥ እንዲገዙና እንዲሠለጥኑ ያስችልዎታል እንጂ መሣሪያ ለመያዝ አይበቃም። የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ ካለፈ ከመጀመሪያው ሊጀምሩ ይችላሉና ቀጠሮዎችዎን ወዲያው ይያዙ።

ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ፦ ካዝናው ከሽጉጡ በፊት ይገዛ። ሽጉጡን ይዘው መጥተው «ካዝናው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ማለት ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ሕግ መጣስ ነው።

ሽጉጡ የሚገዛው ፈቃድ ካለው መደብር ብቻ ነው። ከወዳጅ፣ ከአጎት ወይም ከሥራ ባልደረባ እጅ በእጅ መግዛት ያለ ፈቃድ ክፍሉ ማጽደቅ ክልክል ነው። በመዳፍዎ የሚገጥም፣ ቃታውን ያለ ትግል የሚስቡት ይምረጡ፤ የጓደኛዎን ዓይነት ለመግዛት ብቻ አይምረጡ። ሥልጠናው በሚትቫህ፣ ማለትም በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ይሰጣል። አስተማሪው ዕብራይስጥ ብቻ ሊናገር ስለሚችል ያልገባዎትን ቃል ሳያፍሩ ያስደግሙ። «ገብቶኛል» ብሎ አንገት መነቅነቅ እዚህ ቦታ አይሆንም።

የፈቃድ ካርዱ ሲደርስዎት በላዩ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። አንድ አኃዝ ቢለይ ካርዱ የሌላ መሣሪያ ካርድ ነው። የሚፈቀደው የጥይት ብዛት ከ2023 በፊት 50 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለግል ባለፈቃድ 100 ሆኗል። በልምምድ የሚተኩሱትን እዚያው ሜዳው ላይ ገዝተው እዚያው ይጨርሱ፤ ቤት እየወሰዱ ማጠራቀም ከገደቡ ያሳልፋል።

5. ካዝናው

ሕጉ የሚለው ቀላል ነው። ሽጉጡ በሰውነትዎ ላይ ነው፤ አለዚያ በተቆለፈ ካዝና ውስጥ ነው። ሦስተኛ ቦታ የለም። ትራስ ሥር፣ ማቀዝቀዣ ላይ፣ የመኪና ኪስ፣ የእናት ሣጥን፣ የክረምት ልብስ መካከል፣ ሁሉም ክልክል ናቸው። ካዝናው ራሱ ከዓይን የተሰወረ፣ ቤቱም የተቆለፈ ይሁን። ሌባ ሁለት ቁልፍ ሊያልፍ ይገባዋል።

በጎንደር ገጠር ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፤ እንግዳ ሲገባ እንዲያየው። እዚህ መታየቱ ራሱ ጥፋት ነው። ባለ ሽጉጥ መሆንዎን የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር ቤትዎ ለሌባ የተጠቆመ ቤት ይሆናል።

ካዝናውን ከኮንክሪት ግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን ያሳስሩት። ትንሽ ካዝና ያልታሰረ ከሆነ ሌባው ሳይከፍተው አቅፎት ይወጣል። የቁጥር ቁልፍ ከሆነ የልደት ዓመት፣ የመታወቂያ መጨረሻ ቁጥር ወይም የልጅ ስልክ አይጠቀሙ፤ ልጆች የመጀመሪያ ሙከራቸው እነርሱ ናቸው። የብረት ቁልፍ ከሆነ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ይሁን እንጂ ከበር ጀርባ ባለው ማንጠልጠያ ላይ አይሰቀል። ልጅ ሲያይ አይክፈቱ። ጥይቱን ለብቻው ቢያስቀምጡ ይሻላል።

በግቫት ጺዮን አብዛኞቻችን የምንኖረው ሰው በሚበዛበት ቤት ነው። ቅዳሜ የልጅ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይገባል፤ ለሲግድ በዓል ዘመድ ከሩቅ ከተማ መጥቶ ያድራል። ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም ነው፤ አደጋው ግን ለሁሉም ነው። ልጆችን «እንዳትነኩ» ብሎ ማስፈራራት ጉጉታቸውን ይጨምረዋል እንጂ አያስቆማቸውም። የሚያስቆማቸው የተቆለፈ ብረት ነው።

ስለ ሳይረን ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአሽኬሎን ለመጠለል የሚሰጠን ጊዜ 30 ሰከንድ ያህል ነው። ማማድ (የተጠናከረ መጠለያ ክፍል) የሌላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ወደ ሚቅላጥ (የጋራ መጠለያ) ይሮጣሉ፤ የቤቱ በር ብዙ ጊዜ ክፍት ይቀራል። በዚያ ቅጽበት ሽጉጡ ጠረጴዛ ላይ ከነበረ እዚያው ተጋልጦ ይቀራል። በእጅ ይዞ መሮጥ ደግሞ ልጆች በተጨናነቁበት ሚቅላጥ ውስጥ በግልጽ የተያዘ መሣሪያ ማስገባት ነው። ስለዚህ ቤት ሲገቡ ውሳኔዎ አንድ ይሁን፦ ወይ በሽጉጥ ማህደሩ ውስጥ ወገብዎ ላይ ይቆያል፣ ወይ ወዲያው ካዝና ይገባል። ሳይረን ሲጮህ ካዝና ውስጥ ያለውን ለማውጣት አይሞክሩ። ሰውዎን ይዘው ይሩጡ።

ቤት ውስጥ ጠብ፣ የፍቺ ክርክር፣ መጠጥ ወይም ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከገባ ካዝናውም አይበቃም። ሽጉጡ ከቤት ይውጣ። በ1991 በወጣው በቤተሰብ ውስጥ ጥቃትን የመከላከል ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ሲሰጥ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ነገሩ እስከዚያ እስኪደርስ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ባለፈቃዱ በራሱ ፈቃድ ለፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ ወይም ፈቃድ ባለው መደብር በአደራ ማስቀመጥ ይችላል። ይህን ማድረግ ውርደት አይደለም፤ ከባለፈቃድ ከሚጠበቁት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው እላለሁ። የተፈራችና የተዛተባት ሴት ወደ 100 ትደውል፤ የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር መስመር 118 ነው። የመኖር ተስፋው የጨለመበት ሰው የኤራን መስመርን በ1201 ያገኛል። ወንድም፣ እህት፣ ሽማግሌ ሆነው «ሽጉጡን ለጊዜው እናውጣው» ለማለት አይፈሩ።

6. ይዞ መንቀሳቀስ

ሽጉጡን በያዙ ጊዜ ሁሉ ካርዱና መታወቂያዎ አብረውዎት ይሁኑ። ሽጉጡ በማህደር ውስጥ ሆኖ ከልብስ ሥር ይሰወር። ጥይት ያጎረሰ ሽጉጥ ይዘው አይሂዱ፤ የጥይት ካርታው ይግባ፣ የጥይት ማጉረሻው ባዶ ይሁን። በቦርሳ ውስጥ መያዝ አይመከርም፤ ቦርሳ ወንበር ላይ ይረሳል። መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ክልክል ነው።

ወደ ባርዚላይ ሆስፒታል፣ ወደ አውቶቡስ ማዕከል ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገቡ ጠባቂው ሳይፈትሽዎት «ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዣለሁ» ይበሉ። ጠባቂው አይገባም ካለ አይከራከሩ። ጠላም ሆነ አረቄ የሚቀመስበት ቦታ የሚሄዱ ከሆነ ሽጉጡ ካዝናው ውስጥ ይቆይ።

ፖሊስ ቢያስቆምዎት ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ሁለቱም እጆችዎ ይታዩ። «ኔሼክ በሪሽዮን» (ፈቃድ ያለው መሣሪያ) እንዳለዎትና የት እንዳለ በቃል ይናገሩ። ካርዱን ለማውጣት እጅዎን ወደ ወገብዎ አይስደዱ፤ ፖሊሱ እስኪፈቅድ ይጠብቁ። በ2019 የማኅበረሰባችን ልጅ ወጣቱ ሰለሞን ተካ ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ከተገደለ ወዲህ በወጣቶቻችን ልብ ውስጥ ያለው ፍርሃት ከባዶ የመነጨ አይደለም። ቁጣውን እካፈላለሁ። መንገድ ላይ፣ ሽጉጥ በወገብ ሳለ ግን ክርክሩ ይቆይና ቅሬታው በኋላ በጽሑፍ ይቅረብ።

ሽጉጡን ለልጅዎ፣ ለሚስትዎ ወይም ለባልዎ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን አያውሱ። እነርሱ ፈቃድ የላቸውም፤ በያዙት ጊዜ ወንጀል ይሆናል። በሠርግና በግዝረት ድግስ ለደስታ ወደ ሰማይ መተኮስም ወንጀል ነው፤ ፈቃዱንም ያሳጣል። ሽጉጥ የሚተኮሰው የሰው ሕይወት በቅርብና በተጨባጭ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሌላ መንገድ በጠፋበት ጊዜ ነው። መኪና እየሰረቀ የሚሮጥን ልጅ ከጀርባው መምታት ራስን መከላከል አይባልም።

7. ማሳወቅ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በእርጋታ ያንብቡት።

ሽጉጡ ወይም ጥይቱ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ወዲያውኑ ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ቀጥሎ ለፈቃድ ክፍሉ። «መጀመሪያ ልፈልገው፣ ምናልባት ልጁ ወስዶት ይሆናል» ብሎ ቀናት ማሳለፍ ነገሩን ያበላሻል። በዚያ መካከል በሽጉጡ ወንጀል ቢፈጸም የሚጠየቀው መለያ ቁጥሩ በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። የፖሊስ ማስረጃውን ወረቀት ይያዙ።

ቤት ሲቀይሩ ወዲያው ያሳውቁ። በሚስራድ ሃፕኒም አድራሻ መቀየር ብቻውን በቂ ነው ብለው አያስቡ፤ የፈቃድ ክፍሉንም ያነጋግሩ። ፈቃዱ የተሰጠዎት በመኖሪያ ቦታዎ ምክንያት ከሆነና ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ ምክንያቱ ሊወድቅ ይችላል። በሥራ ምክንያት የተሰጠም ሥራው ሲያበቃ እንደዚያው ነው።

ጤናዎ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ አዲስ ከባድ መድኃኒት ከጀመሩ፣ ዓይንዎ ከደከመ ወይም የመርሳት ችግር ከመጣ ለሐኪምዎ ሽጉጥ እንዳለዎት ይንገሩት። ለአረጋውያን አባቶቻችን ይህን የሚያነሣ ሰው የለም፤ ልጆች ሆይ፣ እናንተ አንሡት።

እድሳቱን አይርሱ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን በስልክዎ ላይ ከሦስት ወር በፊት እንዲያስታውስዎ ያድርጉ፤ የእድሳት ሥልጠናና የጤና መግለጫ ጊዜ ይወስዳሉና። ጊዜው ያለፈ ካርድ የያዘ ሰው በሕግ ፊት ካርድ እንደሌለው ሰው ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 144 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እስከ 7 ዓመት፣ ይዞ መንቀሳቀስ ደግሞ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ቀኑ ካለፈ ሽጉጡን ራስዎ ተሸክመው ወደ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ደውለው እንዴት እንደሚያስረክቡ ይጠይቁ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ ሽጉጡ እዚህ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ቤቱ ባዶ የሚሆን ከሆነ ፈቃድ ባለው መደብር ወይም ሚትቫህ በአደራ ማስቀመጥ የተሻለ ነው፤ ደረሰኙን ይያዙ። ለልምምድ የሚጠቀሙበትን ቦርሳ ለጉዞ አይጠቀሙ፤ በቦርሳው ስፌት ውስጥ የተረሳች አንዲት ጥይት በቤን ጉሪዮን ጉዞዎን ታስቀራለች፤ ቦሌ ላይ ብትገኝ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቅዎታል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን የእስራኤል ካርድ እዚያ ዋጋ የለውም።

8. ቤት ውስጥ ያለ የሌላ አካል መሣሪያ

በሠፈራችን ብዙዎች በጥበቃ ሥራ ላይ ናቸው። የጥበቃ ሽጉጥ የድርጅቱ ነው፤ የድርጅት ፈቃድም የግል ፈቃድ አይደለም። ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ቤት መውሰድ የሚቻለው በወረቀት ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ አለቃ በስልክ «ውሰደው» ማለቱ አያድንም። ጠባቂዎች ወደ ቤት የወሰዷቸው ሽጉጦች ሚስቶችን ገድለዋል፤ በዚህ ምክንያት «ሽጉጥ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ» በሚል ስም የሴቶች ድርጅቶች ለዓመታት ታግለዋል። ፈቃዱ በእጅዎ ቢኖርም በሥራ ቦታ ትተውት እንዲመጡ እመክራለሁ።

ከኦክቶበር 2023 በኋላ በየከተማው የተቋቋሙት የኪታት ኮኔኑት (የአደጋ ጊዜ ተጠባባቂ) ቡድኖች ጠመንጃም የአባሉ ንብረት አይደለም፤ አጠባበቁም ቡድኑን ባስታጠቀው አካል መመሪያ ይመራል። ወታደር ልጅዎ ቅዳሜን ቤት ሲያሳልፍ ጠመንጃው በሠራዊቱ ትእዛዝ መሠረት ይጠበቃል፤ ታናናሾቹ ፎቶ እንዲነሡበት አይፍቀዱ። ልብሱን ሲያጥቡ ኪሱ ውስጥ ጥይት ካገኙ ለማስታወሻ አያስቀምጡ። ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝ ብቻውን እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። ልጁ ለጦር ክፍሉ ይመልሰው። ሜዳ ላይ የተጣለ ጥይት፣ ቦምብ ወይም የሮኬት ስብርባሪ ካዩ ሳይነኩ ወደ 100 ይደውሉ።

9. ባለቤቱ ሲሞት

ሽጉጥ እንደ ቤትና እንደ መኪና ለወራሽ አይተላለፍም። ባለፈቃዱ ሲሞት ፈቃዱም አብሮ ያበቃል። በለቅሶ ሰባት ቀን ውስጥ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ካዝናውን ማን እንደሚያውቅ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ባለፈቃድ የሆኑ ሁሉ በሕይወት ሳሉ አንድ የሚያምኑትን ሰው መርጠው እንዲህ ይበሉት፦ «ብሞት ወይም ብታመም መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትደውላለህ።» ቁጥሩን አይስጡት፤ ካዝናው የት እንዳለና ሽጉጥ መኖሩን ብቻ ይወቅ።

ከሞት በኋላ ቤተሰቡ ካዝናውን ከፍቶ ሽጉጡን በኪስ ይዞ በመንገድ መሄድ የለበትም። ወደ አሽኬሎን ፖሊስ ጣቢያ ይደውሉ፤ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የፖሊስ መረጃ መስመር 110 ነው። የሟቹን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይናገሩ፤ እንዴት እንደሚረከቡ ይነግሩዎታል። ሲያስረክቡ ሽጉጡን፣ ጥይቱን ሁሉና ካርዱን አብረው ይስጡ፤ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝም ይቀበሉ። ከወራሾቹ አንዱ ሽጉጡን መያዝ ከፈለገ በራሱ ስም ከደረጃ 1 ጀምሮ ያመልክት፤ እስከዚያ ሽጉጡ በቤት አይቆይም።

ካርዱ ጊዜው ያለፈ፣ ባለቤቱ የሞተ ወይም የማን እንደሆነ በውል የማይታወቅ ሽጉጥ አሁን ቤትዎ ውስጥ ካለ አይንኩት፤ ልጆቹን ከክፍሉ አውጥተው በሩን ይቆልፉና ዛሬውኑ ለፖሊስ ይደውሉ።